“ይቺን” ማለት የተወችው አስተማሪ

መርዶው የደረሰኝ ሥራ ቦታዬ ተቀምጬ ነው። ጓደኛዬ ሌንሴ ከሱሉልታ ደወለችና ገና ሰላም ሳትለኝ “ጫልቱ፣ ብቻሽን ነሽ?” አለችኝ። ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠይቀው ለደግ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቲቸር ዘይነባ አርፋለች፤ ቡራዩ ቀብረዋታል። መታመሟን ለማናችንም አልነገረችም ነበር።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ለቅሶ ቤቱ ሳይመሽ እደርስ እንደሆነ ለማወቅ ስልኬን በእጄ ነቅነቅ አደረግሁት። ስልኬም በራሷ በዘይነባ ድምፅ፣ በዚያ ጥድፊያዋ፣ “ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ” አለኝ።

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ወዲያው ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሰዓት ስትናገር እንኳ ታክሲ እንዳያመልጣት የምትሮጥ ትመስላለች። ድምፅዋ ስልኬ ውስጥ እንዴት እንደገባ ላጫውታችሁ። እሷን በሐዘን ቃና ማውራት አልችልበትም፤ ሕይወቷን ሙሉ በደስታ ስትቻኮል የኖረች ሰው ናት።

እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ዓይኔ አያይም። ስለዚህ የዘይነባን መልክ አትጠይቁኝ። አጭር እንደነበረች አውቃለሁ፤ ስታቅፈኝ ጭንቅላቷ አገጬ ሥር ነበር የሚቀረው። ቅርንፉድ ታኝክ ነበር። በግራ እጇ ሦስት አምባር ታደርጋለች፤ ከአፏ በፊት አምባሮቿ ይናገራሉ። በዝግታ ስትራመድ አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም።

ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር አስተማሪ ነበረች። ኮምፒውተሩ ጥቂት፣ ተማሪው ብዙ፣ መብራቱ ደግሞ እንደፈቀደው። ታዲያ አንድ ቀን “ልጆቹ ኮምፒውተሩ ጋ መድረስ ካልቻሉ ትምህርቱ ራሱ ይሂድላቸው” ብላ የስልክ አፕ እንዴት እንደሚሠራ በአጫጭር ቪዲዮ እየቀረጸች በቴሌግራም መልቀቅ ጀመረች። ቪዲዮዎቹ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፉ ሱሉልታም ደረሱ፣ እኛ ዘንድ ሰበታም ደረሱ።

የምትቀርጸው አባቷ ሐጂ ሙደሲር ስፖንጅ ፍራሽ በሚሸጡበት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ፍራሽ ድምፅ ይውጣል፤ ውጭ ባጃጅ ቢጮህ ውስጥ አይሰማም። የማይዋጠው የሐጂ ድምፅ ብቻ ነበር። አምስተኛው ቪዲዮ ላይ እሷ “አሁን አንድ ቁልፍ እንፈጥራለን” ስትል ከወዲያ በኩል “ዘይነባ! ያቺን ባለ አበባዋን አውርጂልኝ፣ ደንበኛ ቆሟል!” የሚል ይሰማል። ቆርጣ አላወጣችውም። “ቁልፋችንን እንደያዝን ጠብቁኝ፣ አንድ ፍራሽ አውርጄ መጣሁ” አለችና ሄደች፤ እያለከለከች ተመለሰችና ቀጠለች። በሦስቱም ከተማ ያን ቪዲዮ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሰላም ቪዲዮዎቹን ስታጫውት ጆሮዬን ደቅኜ እሰማለሁ። ስልክን “ይህን ሲነኩህ ይህን አድርግ” ብሎ ማዘዝ! እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ የሚሠራ አይመስለኝም ነበር። ልቤ ተነሳ። ትምህርቱ ግን እንዲህ ነበር የሚሄደው፦ “አሁን ይቺን ትይዟታላችሁ፣ ወደዚህ ታመጧታላችሁ፣ ከዚያ እዚያ ጋ ትለቋታላችሁ። አያችሁ? ቀላል ናት።”

አንድ ቀን ሳቅም ንዴትም ያዘኝና ቮይስ ላክሁላት። “ቲቸር፣ ጫልቱ እባላለሁ፣ ከሰበታ ነኝ። ዓይኔ አያይም። ‘ይቺን’ ሲሉ የትኛዋን ነው? ‘ወደዚህ’ ሲሉስ ወዴት ነው?”

ሰማችው፤ መልስ ግን የለም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። ሰላም “ምነው ባልላክሽው፤ ትቆጣለች እኮ” አለችኝና ጭንቀቴን አባሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። “አካም ጅርቱ! የጫልቱ ቤት ይሄ ነው?” የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከቪዲዮዎቹ የማውቀው ድምፅ። እናቴ “ናጋዳ፣ ግቢ” ከማለቷ ሴትዮዋ አጠገቤ ደርሳለች። ከቡራዩ ታክሲ እየቀያየረች፣ ሰበታ ስትደርስ ደግሞ ቤታችንን ሰው እየጠየቀች ነው የመጣችው።

“አንዱን ቪዲዮዬን ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት” አለችኝ፤ ወግ የለ፣ መቀመጥ የለ። “አርባ ሦስት ጊዜ ‘ይቺን’ ብያለሁ። አርባ ሦስት! ይኼን ያህል ጊዜ ሳስተምር ማንም ነግሮኝ አያውቅም!”

“ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ…”

“‘ያድርጉልኝ’ ይቅር። አንቺ በይኝ። እርስዎ ካላችሁኝ ስህተቴን አትነግሩኝም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት። እናቴ እስከ መጨረሻው አፍራብኛለች።

ያን ጠዋት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የእኔን ስልክ አሠራር እንዳስተምራት መጠየቅ ነው። የእኔ ስልክ የነካሁትን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ዘይነባ ዓይኗን በሻርፗ አሰረችና ስልኬን ተቀበለችኝ። “ይቺ ሴትዮ ምንድን ነው የምትለው? ማን እያባረራት ነው?” አለች። ስልኩ የሚያነብበትን ፍጥነት እኔ ለምጄዋለሁ፤ እሷ አንድ ቃል አልያዘችም። ለአባቷ “ሰበታ ደርሻለሁ” ብላ መልእክት ልትልክ ስትታገል ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የላከችው ምን እንደሆነ እንጃ፤ ሐጂ ወዲያው ደውለው “ልጄ፣ ምን ሆነሻል? ደህና ነሽ?” አሉ። ሻርፗን ፈትታ ከእናቴ ጋር ሲስቁ ግቢው ተናወጠ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ችግሩ ከ“ይቺን” የባሰ መሆኑ ገባት። እሷ የምታስተምርበት መሥሪያ ትእዛዞቹን እንደ ካርቶን ቁራጭ በጣት እየጎተቱ የሚያገጣጥሙበት ነው። ለመጎተትና ለማገጣጠም ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላ አስተማሪ ቢሆን ቀጥሎ የሚለውን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁና። “አንቺ ሐሳቡን ስጪ፣ ሰላም ትሠራዋለች።” ሰላም ደግ ናት፣ ትሠራው ነበር። እኔ ግን አንድም ቀን “ሠራሁ” ሳልል እቀር ነበር።

ዘይነባ ቅርንፉዷን አኘከች፣ አኘከች፣ ከዚያ “ሌላ መንገድ አለ” አለች። “ትእዛዙን በፊደል መጻፍ። ፊደል ከሆነ ማሽኑ ያነብልሻል።”

“ታስተምሪኛለሽ?”

“በደንብ አላውቀውም” አለች፣ ምንም ሳታፍር። “ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነካ ነካ አድርጌ የተውኩት ነው። አንድ ገጽ ቀድሜሽ እሄዳለሁ። ከደረስሽብኝ ገፍተሽኝ እለፊ።”

አስተማሪ “አላውቅም” ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ፌስታል ይዛ መጣች። ውስጡ ላፕቶፕ አለ። “ወንድሜ ሊጥላት ነበር። ስክሪኗ ሞቷል፣ ምንም አያሳይም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። አንቺ ስክሪን ምን ያደርግልሻል?”

እናቴ “ኧረ ምን ማለትሽ ነው!” ብላ ደነገጠች። እኔ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በዓይኔ ጉዳይ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራኝ፤ እንደ ዋዛ አንስታ የቀለደችብኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

የዚያች ላፕቶፕ ትልቁ ጥቅም በኋላ ነው የገባኝ። አጠገቤ ስትቀመጥ ዘይነባም የምታየው ነገር አልነበራትም። ሁለታችንም ጆሯችንን ዘንበል አድርገን፣ የተጻፈውን እየሰማን፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ የምንጨምረው አንድ ሁለት መስመር ነበር። እሷ አንድ ገጽ ትቀድመኛለች፣ እኔ እደርስባታለሁ፤ አንዳንድ ሳምንት ገና ከበሩ ላይ “አልፈሽኛል እንዴ?” ትላለች።

ማሽኑ ስህተት ሲያወጣ ምን ታደርግ እንደነበር ላሳያችሁ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። እልል ትላለች። እውነተኛ እልልታ! “አገኘናት!” ብላ ታጨበጭባለች፤ አምባሮቿ ይንሿሿሉ። መጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ “ምን ተገኘ? ማን ወለደ?” እያለ ወጣ። እኔ ግን ስህተት በወጣ ቁጥር ወገቤ ይቆረጥ ነበር። “ጫልቱዬ” አለችኝ አንድ ቀን፣ “ስህተት ማለት ማሽኑ ‘እዚህ ጋ አልገባኝም’ ሲልሽ ነው። ያልገባውን የሚናገር ተማሪ ደግሞ ክፍል ውስጥ ስንት ቀን ነው የማገኘው? እልልታ ያንሰዋል።”

ቪዲዮዎቿንም አንድ ሳታስቀር አጥፍታ እንደገና ቀረጸቻቸው። ይኼኛውን ሥራ እንኳ ተዪው ብያት ነበር። አንድ ሕግ አወጣች፦ ዓይን ጨፍነው የማይከተሉት ቪዲዮ አይለቀቅም። መጀመሪያ ለእኔ ትልካለች፤ እኔ “አራተኛው ደቂቃ ላይ ጠፋሁ” ብዬ እመልሳለሁ፤ እሷ እንደገና ፍራሽ መሐል ትገባለች። “ይቺን” ቀረች። “ከላይ በግራ በኩል፣ ‘አስቀምጥ’ የሚለውን” መጣ።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። የሚያዩት ልጆች “አሁን ነው የገባን” እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ለካ የብዙዎቹ ስልክ የተሰነጠቀ ነው፣ የሌላው ፊደሉ ደቅቆ አይነበብም፣ የሌላውን የታናሽ ወንድሙ ራስ ጋርዶታል። ሌንሴ የምትባል ልጅ ከሱሉልታ “ቲቸር፣ ዛሬ ሁለት ላም እያለብኩ ትምህርቱን ጨረስኩት” ብላ ላከች። ዘይነባ ያን ቮይስ ለስንቱ ሰው እንዳሰማችው! ሐጂን ሳይቀር ከደንበኛ ላይ ጠርታ አሰምታቸዋለች። በዚህ ቮይስ የተነሳ ነው ከሌንሴ ጋር እኔም የተዋወቅሁት።

የራሴን አፕ የምሠራበት ጊዜ ሲደርስ ምን እንደምሠራ ለማሰብ አልቸገረኝም። ስልኬ ሰዓት ስጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚነግረኝ። እናቴ “ስንት ሰዓት ሆነ?” ስትለኝ እሰማለሁ፣ ስድስት እቀንሳለሁ ወይ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ነው የምመልስላት። ታዲያ ስልኩን ሲነቀንቁት በእኛ አቆጣጠር፣ ከፈለጉ በአማርኛ ከፈለጉ በአፋን ኦሮሞ፣ ሰዓቱን የሚናገር አፕ ልሠራ ተነሳሁ። ቁጥሮቹን የምንቀርጸው ጓዳው ውስጥ ስለሆነ ያን ጊዜ ነው ቡራዩ ሄጄ ፍራሾቹ መሐል የገባሁት። በኦሮምኛ እኔ፣ በአማርኛ እሷ። ሐጂ ሙደሲር በሩ ላይ መጥተው “ልጆች፣ ‘አንድ ሰዓት’ አንዴ ከተባለ አይበቃም? ጠዋቱን ሙሉ ሰዓት ስትቆጥሩ ሰዓቱ ሄደ እኮ!” አሉን። ያንንም ቀርጸነው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ስንሰማው እንስቅ ነበር።

የሦስቱ ከተማ ተማሪዎች የሠሩትን የሚያሳዩበት ቀን ሱሉልታ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ተዘጋጀ። የሱሉልታ ብርድ ጣቴን አደነዘዘው፤ ወይ ፍርሃቱ ይሆናል። ስሜ ሲጠራ ስክሪን የሌላትን ላፕቶፕና ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ስልኩን ነቀነቅሁት፣ ሰዓቱን ተናገረ። ወደ ኦሮምኛ ቀይሬ ነቀነቅሁት፣ ተናገረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልቀመጥ ስል አንድ ጉንፋን የያዘው ድምፅ፣ ዳኛ ነው፣ “ጎበዝ። እስቲ የስልኩን ሰዓት ንጋት አሥራ ሁለት ላይ አድርጊውና አሰሚን” አለ።

አደረግሁ። ነቀነቅሁ። ዝም።

እንደገና ነቀነቅሁ። ዝም።

ከፊት ወንበር አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችና “አይ፣ ታሳዝናለች” አለች። ያን ቃል ስሰማ ላፕቶፗን ጥዬ ልሮጥ ነበር፤ ወዴት እንደምሮጥ ባውቅ።

ከኋላ “እልልልልል!” አለ። “አገኘናት!”

አዳራሹ ሁሉ ዞረ፤ ወንበሮች ሲንቋቁ ሰማሁ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሳቀ፣ የቡራዩ ተማሪዎች በሙሉ እልልታውን ተቀበሏት። ነገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ! ፕሮግራም መሪው “ጊዜሽ አልቋል፣ ተቀመጪ” ሊለኝ ሲጀምር ዘይነባ “ወንድሜ፣ ስህተቷን ካገኘች በኋላ ነው የምታስቀምጣት? ጥቂት ደቂቃ ስጧት!” አለችው። ሰላም ከጎኗ “ሂጂና እርጃት እንጂ” ብትላት “ምን ልርዳት? ስክሪን የለው! እኔ ከእሷ የተለየ ምን አያለሁ?” ብላ እንደተቀመጠች ቀረች። ይኼን ሰላም ናት በኋላ የነገረችኝ።

ላፕቶፗን ከፈትኩ። ጉንፋናሙ ዳኛ መጣና ማይኩን ድምፅ ማውጫዋ ላይ ያዘልኝ፤ የምሰማውን አዳራሹ ሁሉ ሰማ። መስመር በመስመር ወረድኩ። በስልኩ ንጋት ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሲቀነስ ስድስት፣ ዜሮ። ከዜሮ በታች የሚሆነውን አስተካክዬ ነበር፣ ከአሥራ ሁለት የሚበልጠውንም አስተካክዬ ነበር። ዜሮን ራሱን ግን ረስቼዋለሁ! ስልኩ “ዜሮ ሰዓት” የሚል ድምፅ ፈልጎ አጥቷል፤ እኛ ደግሞ ዜሮ ሰዓት የሚባል የለንም። አፕዋን ሁልጊዜ የምሞክራት ከትምህርት ቤት ስመለስ ስለነበር ንጋት ላይ ዝም እንደምትል አላወቅሁም።

“ዜሮ ከሆነ አሥራ ሁለት በል” ብዬ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ጻፍኩት። በገመድ ወደ ስልኬ ላክሁት። ሲጫን የወሰደው ጊዜ ዓመት መሰለኝ። ነቀነቅሁ።

“ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት!” አለች ዘይነባ ከስልኩ ውስጥ። በኦሮምኛ ነቀነቅሁ፤ “ሰዓቲ ኩዳ ለማ!” አልኩ እኔ ራሴ ከስልኩ ውስጥ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጩኸት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ “ላኪልኝ፣ ላኪልኝ” ይለኛል። ያቺ ከንፈሯን የመጠጠችው ሴት መጥታ “ለእናቴ የሚሆናት ነው፣ እሷም አታይም” አለችኝና እጄን ይዛ ቆየች።

አንደኛ የወጣችው ሌንሴ ናት፤ ላም የምትወልድበትን ቀን የሚያሰላ አፕ ሠርታ ነበር፣ ይገባታል። እኛ ሦስተኛ ወጣን። ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ዘይነባ ስለ ደረጃው አንዲት ቃል አልተናገረችም። “ያ ዳኛ ንጋትን ባይጠይቅ ኖሮ ስንት ሰው ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ስልክ ይዞ ይቀመጥ ነበር! አላህ ጤናውን ይስጠው!” ስትል፣ ስትመርቀው ነው አዲሱ ገበያ የደረስነው። እኔ ዛሬ እንጀራዬን የምበላው ኮድ በመጻፍ ነው። ያ መንገድ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ የዚያ ታክሲ ውስጥ ለፍላፊነቷ ነው።

ለቅሶ ቤቱ በማግስቱ ከሰላም ጋር ሄድኩ። ከሦስቱም ከተማ ልጅ መጥቷል፤ ብዙዎቹ ከእሷ ጋር በአካል ተገናኝተው አያውቁም። ሰው ቀነስ ሲል ሐጂ ሙደሲር ድምፄን ለይተው ጠሩኝ።

“ጫልቱ ነሽ? ያቺ የሰዓቷ ልጅ?”

“አዎ፣ ሐጂ።”

አጠገባቸው አስቀመጡኝ። “ከትናንት ጀምሮ ልጁ ሁሉ እየመጣ ‘አስተማረችኝ፣ አስተማረችኝ’ ይለኛል” አሉ። “እኔ ስንት ዓመት በር ላይ ቆሜ አውርጂ፣ አንሺ አልኳት። ‘ልጄ፣ ምንድን ነው የምታስተምሪው?’ ብያት ግን አላውቅም። እሷም አልነገረችኝም፤ አባቴ ሥራ ይዟል ብላ ነው።”

ላፕቶፔን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

“ምንድን ነው?” አሉ ደንግጠው። “ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደሉን አላይም።”

“ማየት አያስፈልግዎትም፣ ሐጂ። እሷ የምትለውን ብቻ ይከተሉ።”

ትእዛዝ በፊደል መጻፍን በኋላ ካስተማረችባቸው ቪዲዮዎች የመጀመሪያውን በስልኬ ከፈትኩ። ዘይነባ “እንደምን ናችሁ? እጃችሁን ፊደሎቹ ላይ አድርጉ፣ አትቸኩሉ” አለች፤ አትቸኩሉ ስትል ራሷ እየቸኮለች። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በወፍራም ጣታቸው አንድ ፊደል፣ ቆይተው ሌላ ፊደል መቱ። እጄን ጉልበቴ ላይ ሰበሰብኩ፤ አንዴም አልነካሁላቸውም። ሲጠፉ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለስኩላቸው፣ እሷም ሳትሰለች ደግማ ነገረቻቸው። ሦስት መስመር ነው ጠቅላላው። የአስር ሶላት ደርሶ የሰፈሩ ሽማግሌዎች “ሐጂ፣ እንሂድ” ሲሏቸው “ቆዩኝ፣ አንድ ቃል ቀርቶኛል” አሉ።

ጨረሱ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ቁልፍ እንዲጫኑ ነገረቻቸው፣ ተጫኑ። ላፕቶፑ “እንኳን ደህና መጣችሁ” አለ።

“ተናገረ!” አሉ ሐጂ። “እኔ ያልኩትን ነው እኮ የተናገረው!” እንደገና ተጫኑ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እስኪደነግጡ ድረስ፣ በዚያ ሁሉ ለቅሶተኛ መሐል፣ ከልባቸው ሳቁ። እንባቸውን ሲጠርጉ ጋቢያቸው ክንዴን ነካኝ።

“ሰግጄ እስክመለስ አትሂጂ” አሉኝ ሲነሱ። “ሁለተኛውን ክፈቺና ጠብቂኝ።”